ቪታሚን ዲ እና የሰውነታችን ዘበኞች፦ ፀሐይ በሞላበት አገር ለምን ያንሰናል?

በ1989 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 1997) «ላንሴት» በሚባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ ከአዲስ አበባ የተላከ አንድ ጥናት ታትሞ ነበር። ጥናቱን የሠሩት ዶክተር ሉሉ ሙሄ፣ ዶክተር ስለሺ ሉልሰገድና የውጭ ባልደረቦቻቸው ናቸው። ቦታው የኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ነው። ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ፣ በኒሞኒያ ማለትም በሳንባ ምች ታመው የተኙ 500 ሕፃናትን ወሰዱ። ኒሞኒያ ከሌለባቸው 500 ሌሎች ሕፃናት ጋርም አነጻጸሯቸው።

ኒሞኒያ ከያዛቸው 500 ሕፃናት ውስጥ 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው። ኒሞኒያ ካልያዛቸው 500 ውስጥ ግን ሪኬትስ የተገኘባቸው 20 ብቻ ናቸው። የቤተሰቡን ብዛት፣ የቤቱን መጣበብ፣ የጡት ማጥባቱን ጊዜ ሁሉ ሂሳብ ውስጥ አስገብተው እንደገና ሲያሰሉት እንኳ፣ ሪኬትስ ያለበት ሕፃን በኒሞኒያ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው 13 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ።

ሪኬትስ የአጥንት በሽታ ነው። ቪታሚን ዲ ወይም ካልሲየም ሲያንስ የልጅ አጥንት ሳይጠነክር ይቀራል፣ እግሩ ይጎብጣል፣ የእጅ አንጓው ይወፍራል። ኒሞኒያ ደግሞ የሳንባ በሽታ ነው። ታዲያ አጥንትና ሳንባ ምን አገናኛቸው?

አንደኛው መልስ ቀላል ነው። የጎድን አጥንት ሲለሰልስ ደረት እንደልብ አይከፈትም፣ ልጁ በደንብ አይተነፍስም፣ አክታውንም ስሎ ማውጣት ያቅተዋል። ሁለተኛው መልስ ግን ረቂቅ ነው፤ ሳይንቲስቶች በደንብ የደረሱበትም ከዚያ ጥናት በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። ቪታሚን ዲ ለአጥንት ብቻ የሚሠራ ነገር አይደለም። በሽታ የሚከላከሉልን ሴሎች እርስ በርስ የሚላላኩበት መልእክት አካል ነው። ይህ ጽሑፍ በዋናነት ስለዚህ ሁለተኛው መልስ ነው፤ ከዚያም እዚህ ኡራን ላለን ሰዎች ምን ማለት እንደሆነ እንመጣበታለን።

ቪታሚን ዲ ከየት ይመጣል

ስሙ ቪታሚን ይባል እንጂ ሥራው እንደ ሆርሞን ነው። አብዛኛውን የምናገኘው ከምግብ ሳይሆን ከፀሐይ ነው። ከፀሐይ ጨረሮች አንዱ፣ አልትራቫዮሌት ቢ የሚባለው፣ ቆዳችን ላይ ሲያርፍ እዚያ ያለውን የኮሌስትሮል ዘመድ የሆነ ቅባት ወደ ቪታሚን ዲ 3 ይለውጠዋል። ይሄ ግን ገና ጥሬ ነው። በደም ወደ ጉበት ይሄዳል፣ ጉበት አንድ ደረጃ ያሻሽለውና በደም ውስጥ እንደ መጠባበቂያ ያስቀምጠዋል። ሐኪም ቤት «ቪታሚን ዲ ስንት ነው» ተብሎ ደም ሲመረመር የሚለካው ይሄ መጠባበቂያ ነው። ለሥራ ዝግጁ የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ኩላሊት የመጨረሻውን ለውጥ ያደርግለታል፣ አንጀታችንም ከምግብ ካልሲየም እንዲስብ ያዘዋል።

እስከዚህ ድረስ በትምህርት ቤት መጽሐፍ ውስጥ አለ። መጽሐፉ የማይነግረን ነገር ይቀጥላል። ያንን የመጨረሻ ለውጥ የሚያደርገው ኩላሊት ብቻ አይደለም። ማክሮፋጅ የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎችም የራሳቸው ትንሽ ወርክሾፕ አላቸው። ማክሮፋጅ ማለት ጀርም አሳዶ የሚውጥ በላተኛ ሴል ነው፤ በሳንባ ውስጥ ሞልቷል። ኩላሊት የሚሠራው የሰውነትን ካልሲየም እያየ ነው። ማክሮፋጅ ግን የሚሠራው ጠላት ሲመጣ ነው፣ ጥሬ ዕቃውንም የሚወስደው ከደም መጠባበቂያው ነው። መጠባበቂያው ባዶ ከሆነ ወርክሾፑ ቢከፈትም የሚሠራበት ነገር የለም።

ዘበኞቹ እንዴት ይላላካሉ

እስቲ ቀስ ብለን እንሂድበት። አንድ ጀርም፣ የቲቢ ባክቴሪያ እንበል፣ በትንፋሽ ወደ ሳንባ ገባ። ማክሮፋጁ ላዩ ላይ እንደ አንቴና ያሉ ነገሮች አሉት፤ የባክቴሪያውን ገላ ሲነኩ «ይሄ የኛ ሰው አይደለም» ብለው ያውቁታል። በዚያው ቅጽበት ሁለት ነገር ይሆናል። ወርክሾፑ ይከፈትና መጠባበቂያውን ቪታሚን ዲ ወደሚሠራው ዓይነት መለወጥ ይጀምራል። የቪታሚን ዲ ተቀባይ የሚባለው ፕሮቲንም በብዛት ይመረታል። ቪታሚኑ ከተቀባዩ ጋር ሲጣበቅ ሁለቱ አብረው የሴሉ አስኳል ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ላይ ያርፋሉ፣ እዚያም የተወሰኑ ጂኖችን ያበራሉ፣ ሌሎቹን ያጠፋሉ። በመቶ የሚቆጠሩ ጂኖች በዚህ መንገድ ይታዘዛሉ።

ከሚበሩት ጂኖች አንዱ ካተሊሲዲን የሚባል ነገር ያሠራል። ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው አንቲባዮቲክ በሉት። የባክቴሪያውን ሽፋን ይበሳል። በፈረንጆቹ 2006 በሎስ አንጀለስ ያሉ ተመራማሪዎች «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ይሄንን መንገድ ከአንቴናው እስከ ካተሊሲዲኑ ድረስ አሳዩ። እዚያው ጥናት ላይ ለኛ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። ቪታሚን ዲ ዝቅተኛ ከሆነባቸው ጥቁር አሜሪካውያን በተወሰደ የደም ውሃ ውስጥ ያሉ ማክሮፋጆች ካተሊሲዲን ብዙም አልሠሩም። በዚያው የደም ውሃ ላይ ቪታሚን ዲ ሲጨመርበት ግን ምርቱ ጨመረ። ሴሎቹ ሰነፎች አልነበሩም ማለት ነው፤ ያጡት ጥሬ ዕቃ ነው።

የሚገርመው፣ ይሄ ሁሉ ከመታወቁ ከመቶ ዓመት በፊት ኒልስ ፊንሰን የሚባል የዴንማርክ ሐኪም የቆዳ ቲቢን በብርሃን ያክም ነበር። በ1903 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። አንቲባዮቲክ ባልነበረበት ዘመን አውሮፓ ውስጥ የቲቢ ሕሙማንን ተራራ ላይ አውጥቶ ፀሐይ ማሞቅ የተለመደ ነበር። ማንም ለምን እንደሚረዳ በትክክል አያውቅም ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሥራ እንምጣ፤ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱት ይሄንን ነው። ቁስል ሲቀላ፣ ሲያብጥ፣ ሲግል፣ ሲያም ሐኪሞች «ብግነት» ይሉታል። እኛ «ተቆጣ» እንላለን፣ በጣም ጥሩ ቃል ነው። የተቆጣው ሰውነታችን ራሱ ነው። ዘበኞቹ ሴሎች ሳይቶካይን የሚባሉ ኬሚካሎችን እንደ ፊሽካ ይነፋሉ፤ ኢንተርሊዩኪን 6 እና ቲኤንኤፍ አልፋ የሚባሉት ዋናዎቹ ፊሽካዎች ናቸው። ፊሽካውን የሰሙ ሌሎች ሴሎች ይሮጣሉ፣ ደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ትኩሳት ይነሳል። ይሄ መልካም ነው፣ ያለ ብግነት ማንም ከኢንፌክሽን አይድንም። ችግሩ ፊሽካው ካልቆመ ነው። በኒሞኒያ ከሚሞቱት ብዙዎቹ ሳንባቸውን የሚጎዳው ጀርሙ ብቻ አይደለም፤ ሳንባውን በፈሳሽ የሚሞላው የራሳቸው ሰውነት ቁጣ ነው።

ቪታሚን ዲ እዚህ ጋ የሽማግሌ ሥራ ይሠራል። ማክሮፋጁ ውስጥ ኤንኤፍ ካፓ ቢ የሚባል፣ የብግነት ጂኖችን የሚያበራ ማብሪያ አለ፤ ቪታሚን ዲ ያንን ማብሪያ ያዳክመዋል፣ ስለዚህ ኢንተርሊዩኪን 6 እና ቲኤንኤፍ አልፋ ይቀንሳሉ። ቲ ሴል በሚባሉት ሌሎች ነጭ የደም ሴሎችም ላይ ይሠራል፦ የሚያጠቁትን፣ በተለይ ብግነት የሚያባብሱትን፣ ያለዝባል፤ አረጋጊ የሚባሉትን ደግሞ ያበረታታል። አረጋጊዎቹ ኢንተርሊዩኪን 10 የሚባለውን፣ «በቃ፣ ተመለሱ» የሚለውን መልእክት ይልካሉ።

ስለዚህ «ቪታሚን ዲ መከላከያን ያጠናክራል» ሲባል ግማሹ ብቻ ነው የተነገረው። ጀርሙን በቀጥታ የሚገድለውን ክንድ ያጠነክራል፣ የራስን ሰውነት የሚያቃጥለውን ክንድ ደግሞ ያበርዳል። አሜሪካ ውስጥ ከ25,000 በላይ ትልልቅ ሰዎች ላይ ከ5 ዓመት በላይ የተካሄደ ጥናት በ2022 ወጥቶ ነበር። በቀን 2,000 ዩኒት የወሰዱት ሰዎች ሰውነት ራሱን በሚያጠቃባቸው በሽታዎች፣ እንደ ቁርጥማት ባሉት፣ የተያዙት ካልወሰዱት በ22 በመቶ ያነሱ ነበሩ። ይሄ የማብረዱ ሥራ በሰው ላይ ሲታይ ነው።

13 ወር ፀሐይ ያላት አገር

አቶ ሀብተሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ፀሐይ» ብለው ኢትዮጵያን ለዓለም ሲያስተዋውቁ ስለ ቱሪስት እንጂ ስለ ቪታሚን አላሰቡም። ነገር ግን በፈረንጆቹ 2015 በአዳማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ተማሪዎች ላይ ጥናት የሠሩ ኢትዮጵያውያንና ካናዳውያን ተመራማሪዎች ይችኑ መፈክር ርዕሳቸው ላይ አደረጓት። ከመረመሯቸው ተማሪዎች 42 በመቶው ቪታሚን ዲ አንሷቸው ተገኘ። በጣም የሚያስተምረው ግን ልዩነቱ ነው። በከተማ 61.8 በመቶ፣ በገጠር 21.2 በመቶ። ፀሐይዋ አንድ ናት፣ መንገዱም ሩቅ አይደለም። ቤታቸው ቴሌቪዥን ወይም ኮምፒውተር ያላቸው ልጆች ላይ እጥረቱ ይበዛ ነበር። ከብት የሚጠብቀው ልጅ ከክፍል የማይወጣውን በልጦታል። ከዚያ በፊትም በ1990ዎቹ መጨረሻ (በፈረንጆቹ) የአዲስ አበባ ሰዎችን ከኖርዌይ ሰዎች ጋር ያነጻጸረ ጥናት ነበር፤ ዝቅ ብለው የተገኙት አዲስ አበቤዎቹ ናቸው። ኖርዌይ ክረምቷን በጨለማ የምታሳልፍ አገር መሆኗን አስቡ። ኖርዌጂያኖች ዓሣና የዓሣ ጉበት ዘይት ይወስዳሉ።

ለምን ያንሰናል? መጀመሪያ ቆዳችን። ጥቁር ቀለም ከፀሐይ ጉዳት ይከላከላል፣ ስለዚህ ያንኑ ያህል ቪታሚን ለመሥራት ከነጭ ቆዳ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። በራሱ ችግር አይደለም፤ አያቶቻችን ቀኑን ሙሉ ውጭ ይውሉ ነበርና። ችግሩ ጥቁር ቆዳ ኖሮን ቤት ስንቀመጥ ነው። ልብስም አለ። እጅና ፊት ብቻ ከታየ የሚሠራው ጥቂት ነው። ምግባችንም አያካክስም፦ ጤፍ፣ ሽሮ፣ በቆሎ፣ ባቄላ ውስጥ ቪታሚን ዲ የለም ማለት ይቻላል። የሚገኘው በቅባታማ ዓሣ፣ በእንቁላል አስኳልና ጥቂት በጉበት ውስጥ ነው።

ሕፃናት ላይ ደግሞ ልማድ ይጨመርበታል። ልጁ ቡዳ እንዳይበላው፣ ብርድ እንዳይመታው፣ በተለይ ምች እንዳያገኘው ተብሎ ተሸፋፍኖ ጓዳ ይከርማል። እናቶችን ለመውቀስ አይደለም፣ ሁሉም ከፍቅር የመጣ ነው። ግን ነገሩን ልብ በሉት፦ ምች ይመታዋል ብለን ከፀሐይ የሸሸግነው ልጅ ነው በሳንባ ምች የሚያዘው። በአዲስ አበባው ጥናት የተጠቁት ልጆች የኖሩት ፀሐይ በሌለበት አገር አልነበረም።

እናትየው ራሷ እጥረት ካለባት ልጇ ሲወለድ ጀምሮ መጠባበቂያው ትንሽ ነው። የእናት ጡት ወተትም ቪታሚን ዲ የለውም ለማለት ይቀላል። ይሄን ስል ጡት ማጥባት ይቅር ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ጡት ከኒሞኒያና ከተቅማጥ የሚከላከል አቻ የሌለው ነገር ነው። ይሄ አንድ ቪታሚን ብቻ ነው ከሌላ ቦታ መምጣት ያለበት።

ታዲያ ክኒኑን ብንውጠው አይበቃም?

ኮቪድ በነበረበት ጊዜ ከሞያሌ እስከ ናይሮቢ ቪታሚን ዲ እንደ ጉድ ተሽጧል። ዛሬም ገበያ ላይ «ኢሚዩኒቲ ያጠናክራል» እያሉ የሚሸጡ አሉ። እዚህ ላይ ሐቁን መናገር ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ብራችን ወይም ሽልንጋችን ጥቂት ነው።

በካቡል፣ አፍጋኒስታን፣ ከ3,000 በላይ ጨቅላዎች ላይ ትልቅ ሙከራ ተደርጎ በ2012 ታትሟል። ለግማሾቹ በየ3 ወሩ 100,000 ዩኒት ቪታሚን ዲ፣ ለግማሾቹ የማስመሰያ መድኃኒት ተሰጣቸው። በኒሞኒያ መያዝ አልቀነሰም። በሞንጎሊያ 8,851 የትምህርት ቤት ልጆች ለ3 ዓመት በየሳምንቱ ወሰዱ፤ በ2020 ውጤቱ ሲወጣ የቲቢ ባክቴሪያ እንዳይይዛቸው አልረዳም። ብራዚል ውስጥ በኮቪድ ለተኙ ሕሙማን አንድ ጊዜ 200,000 ዩኒት ቢሰጥም ከሆስፒታል የሚቆዩበትን ቀን አላሳጠረም። የተበተኑትን ሙከራዎች ሁሉ የሰበሰቡ ተመራማሪዎችም በ2017 «ከጉንፋንና ከሳንባ ኢንፌክሽን ይከላከላል» ብለው ነበር፤ ሌሎች ሙከራዎች ሲጨመሩ ግን ጥቅሙ እየሳሳ መጣ።

የራሳችን አገር ሙከራም አለ። አዲስ አበባ ውስጥ የቲቢ መድኃኒት ለጀመሩ ሕሙማን ለ16 ሳምንት በየቀኑ 5,000 ዩኒት ቪታሚን ዲ፣ ካተሊሲዲንን ከሚያበረታታ ፌኒልቡቲሬት ከሚባል ሌላ መድኃኒት ጋር ተሰጠ። በ2018 የወጣው ውጤት መካከለኛ ነው። የሕመም ምልክታቸው ትንሽ ቶሎ ቀለል ብሏል፣ ባክቴሪያው ከአክታ የሚጠፋበት ጊዜ ግን አልተለወጠም። ለንደን ውስጥ በቲቢ ሕሙማን ላይ በተሠራ ሌላ ጥናትም በደም ውስጥ ያሉት የብግነት ምልክቶች ቶሎ ወርደዋል። ከላይ ከተናገርነው ጋር ይገጥማል፦ ሽማግሌው ቁጣውን አበረደ፤ ጀርሙን የገደለው ግን የቲቢው መድኃኒት ነው። ስለዚህ የቲቢ መድኃኒቱን አቋርጦ ወይም ቸል ብሎ በቪታሚን የሚተካ ሰው ራሱን ይገድላል፣ ጎረቤቱንም ያስይዛል። ይሄን ከልቤ ነው የምለው፣ በተለይ እንደኛ ተጠጋግቶ በሚኖርበት ቦታ።

የአዲስ አበባው የ1989 ጥናት ያንን ያህል ትልቅ ልዩነት ሲያሳይ ሙከራዎቹ ለምን እንዲህ ደከሙ? ሦስት ነገር ይታየኛል። አንደኛ፣ ሪኬትስ ያለበት ልጅ ማለት ትንሽ ያነሰው ሳይሆን መጠባበቂያው ጨርሶ የተሟጠጠበት፣ የጎድን አጥንቱም የለሰለሰ ልጅ ነው። ጥማድ ላጣ ገበሬ በሬ ስትሰጠው ያርሳል፤ አራት በሬ ላለው አምስተኛ ብትጨምርለት ግን እርሻው አይሰፋም። ሁለተኛ፣ አንድ ጊዜ ግዙፍ መጠን መስጠትና በየቀኑ ጥቂት ማግኘት አንድ አይደሉም፤ የበፊቶቹ ሙከራዎች የተሻለ ውጤት የሰጡት በየቀኑ ሲወሰድ ነው። ሦስተኛው ተንኮለኛ ነው። ብግነት ራሱ በደም ውስጥ ያለውን የቪታሚን ዲ መጠን ያወርዳል። ስለዚህ የታመመ ሰው ሲለካ ዝቅ ብሎ ሲገኝ፣ ማነሱ አሳመመው ወይስ መታመሙ አሳነሰው የሚለውን መለየት ይከብዳል።

በኔ ግምት ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ነገር፣ ገንዘባችንንና ሐሳባችንን በጣም የሚያንሳቸው ላይ ማድረግ ነው፦ ጨቅላዎች፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ጡት የሚያጠቡ እናቶች፣ ከመጠለያ የማይወጡ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች። ቀኑን ሙሉ ኳስ የሚጫወት የ12 ዓመት ልጅ ክኒን አያስፈልገውም።

እዚህ ኡራን ምን እናድርግ

ኡራን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 4 ዲግሪ እንኳ አትርቅም። የምንፈልገው ጨረር ዓመቱን ሙሉ አለ፣ ዋጋም የለውም። ሰዓቱን ማወቅ ነው። «የጠዋት ፀሐይ ቪታሚን አላት» ይባላል፤ ግን ከጠዋቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ዝቅ ስለምትል ጨረሩ በአየር ውስጥ ብዙ ተጉዞ ይጣራል፣ የሚደርሰን ሙቀትና ብርሃን እንጂ አልትራቫዮሌት ቢ በጣም ጥቂት ነው። መለኪያው ጥላችሁ ነው። ጥላችሁ ከቁመታችሁ ከረዘመ ገና ነው። ካጠረ ጨረሩ አለ። እኛ ጋ ይሄ የሚሆነው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ ነው። ጥላው ከቁመት ሲያጥር ሕፃኑን እጅና እግሩን፣ ጀርባውን ገልጦ ለጥቂት ደቂቃ፣ ዓይኑንና ጭንቅላቱን ከልሎ፣ ቆዳው ሳይግል ማውጣት በቂ ነው። የቀትሩ ሐሩር ውስጥ ማስተኛት አያስፈልግም፣ ይጎዳል። በሸራው ውስጥ የሚገባ ብርሃን አይቆጠርም። በመስታወት የሚገባውም እንዲሁ፤ መስታወት ያንን ጨረር አያሳልፍም። አልቢኖ የሆኑ ወገኖቻችን ግን ከዚህ ምክር ውጭ ናቸው፤ እነሱን ፀሐይ ስለሚጎዳ ቪታሚኑን ከምግብና ከጠብታ ነው ማግኘት ያለባቸው።

ተሸፋፍነው የሚሄዱ እናቶችና እህቶች በራሳቸው ግቢ ውስጥ፣ ሰው በማያይበት፣ ክንድና እግር ገልጠው መቀመጥ ይችላሉ። አጥር መሥራት ቀላል ሥራ ነው፣ ወንዶች።

ከምግብ በኩል፣ ዕርዳታ ሆኖ የሚመጣውን ዘይት ቆርቆሮ አንብቡ። የዓለም የምግብ ፕሮግራም የሚያድለው ዘይት ቪታሚን ኤ እና ዲ የተጨመረበት ነው። ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው የተዘጋጀ ዱቄትና ለተጎዱ ልጆች የሚሰጠው ፕላምፒናትም ቪታሚን ዲ አለባቸው። ይሄን የምጽፈው ፕላምፒናት ገበያ ላይ ሲሸጥ ስለማይ ነው። የሚሸጠው የልጁ አጥንትና የልጁ ዘበኞች ስንቅ ነው። ወተትና እንቁላል ከተገኘ ለልጆች ይቅደም፤ በጾም ወቅትም ቢሆን ሕፃናት አይጾሙም። ካልሲየም ከሌለ ቪታሚን ዲ ብቻውን አጥንት አይሠራምና ወተት ትርጉም አለው።

ጠብታ ወይም ክኒን ከተገኘ፣ በ2016 የዓለም የሕፃናት ሐኪሞች ተሰብስበው የተስማሙበት መጠን ለማንኛውም ጨቅላ እስከ 1 ዓመቱ በቀን 400 ዩኒት ነው። ለትልቅ ሰው በቀን 600 ዩኒት አካባቢ ይበቃል። ብልቃጡ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሳታዩ አትስጡ፤ አንዳንዱ ጠብታ በአንዷ ብቻ 400 ይይዛል፣ አንዳንዱ በሙሉ ሚሊ ሊትር። ቪታሚን ዲ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። ሲበዛ የደም ካልሲየም ይጨምርና ማስታወክ፣ ጥማት፣ የሆድ ድርቀት ያመጣል፣ ኩላሊትም ይጎዳል። የቲቢ ሕመምተኛ ላይ ደግሞ አደጋው ይጨምራል፤ ያ የማክሮፋጅ ወርክሾፕ እንደ ኩላሊት ልክ አያውቅም፣ ጥሬ ዕቃ በሰጡት ቁጥር ያመርታል። ቲቢ ያለበት ሰው ከሐኪሙ ሳይመክር ትልቅ መጠን መውሰድ የለበትም።

ወደ ውጭ አገር የመልሶ ማስፈር ጉዳያቸው የተያዘላቸው ሰዎችም ይሄን ያስታውሱት። እስራኤል የገቡ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ላይ በ1990ዎቹ በተሠራ ጥናት፣ በተለይ በእርግዝናና በማጥባት ጊዜ፣ እጥረቱ በጣም በዝቶ ተገኝቷል፤ እስራኤል ደግሞ ፀሐይ አላት። ካናዳ ወይም ስዊድን ክረምት ላይ ለወራት የሚጠቅመው ጨረር ጨርሶ አይደርስም፤ እዚያ ጠብታው ለኛ ቆዳ ቅንጦት አይሆንም።

ሪኬትስን ቶሎ ለማወቅ፦ የልጁ እርግብግቢት ከዓመት ተኩል በኋላም አልዘጋ ካለ፣ መቀመጥና መሄድ ከዘገየ፣ የእጅ አንጓው ከወፈረ፣ ጎኑ ላይ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ የተደረደረ እብጠት ከተዳሰሰ፣ እግሩ ከጎበጠ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ይታከማል፣ በጊዜ ከተደረሰ እግሩም ይቃናል።

ኒሞኒያ ግን ቀን አይሰጥም። ልጁ ሲረጋጋ ልብሱን ገልጣችሁ ትንፋሹን ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ፤ ስልክ ላይ ያለው ሰዓት ይበቃል። ከ2 ወር በታች ከሆነ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ሲተነፍስ የደረቱ ታች ወደ ውስጥ ከገባ፣ ጡት ወይም ውሃ እምቢ ካለ፣ ከደከመና ካልነቃ፣ ነገ ጠዋት አትበሉ፣ በሌሊትም ቢሆን ተነሱ። የሚያስፈልገው አንቲባዮቲክና አንዳንዴም ኦክስጅን ነው፤ ፀሐይም ጠብታም በዚያ ሰዓት አይደርሱለትም። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጡት ክትባቶች ውስጥ ዋና ዋናዎቹን የኒሞኒያ ጀርሞች የሚከላከሉ አሉ፣ በነጻ ናቸው። ካርዱ ከቤት ስንወጣ የጠፋብን ብዙ ነን፤ ካርድ ባይኖርም ልጁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ከነበረበት ይቀጥሉለታል ወይም እንደገና ይጀምሩለታል።